ዝግታ እርጋታ አይደለም፦ ስለ ለስላሳ ቁሶች ፍሰት ተረትና እውነታ

ስለሚፈስ ነገር አብዛኛውን የተማርነው ከወንዝ ነው። ወንዝ ሜዳ ላይ ዝግ ብሎ ይተኛል፤ ገደል ሲያገኝ ይፈጥናል፣ ይናወጣል፣ አረፋ ይደፍቃል። ከዚህ ተነሥተን ፈሳሽ የሚናወጠው ሲፈጥን ብቻ ነው እንላለን፤ ወፍራምና ዝግተኛ የሆነውን ደግሞ ሰላማዊ ነው ብለን እናልፈዋለን። ለውሃ አባባሉ ያስኬዳል። ነገር ግን ሻምፑ፣ እርጎ፣ የተልባ ውሃ፣ የግድግዳ ቀለም፣ የጥርስ ሳሙና፣ የቀለጠ ፕላስቲክ፣ ደምና ጭቃ ውሃ አይደሉም። ሳይንቲስቶች እነዚህን በአንድነት ለስላሳ ቁሶች ይሏቸዋል። በውስጣቸው ረጃጅም ሞለኪሎች፣ ጥቃቅን ቅንጣቶች ወይም ጠብታዎች አሉ፤ እነዚህም ሲገፏቸው ይለጠጣሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይሰበራሉ፣ መልሰውም ይገጥማሉ። አፈሳሰሳቸውን የሚያጠናው ዘርፍ ሪዮሎጂ ይባላል።

በዚህ ዘርፍ ባለፉት ሠላሳና አርባ ዓመታት የተገኘው ነገር ከብዙዎቻችን ግምት ጋር አይገጥምም። ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻም አይደለም፤ በፌስታል ፋብሪካ ማሽንና በተራራ ግርጌ በተሠራ ቤት ላይ ይወስናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተረት፦ አንድ ነገር ወይ ጠጣር ነው፣ ወይ ፈሳሽ ነው

መልሱ ምን ያህል ጊዜ በመጠበቃችንና በምን ያህል ኃይል በመግፋታችን ይወሰናል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የነበረው ቶማስ ፓርኔል በ1927 ቅጥራን አሙቆ ሾጣጣ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ጨመረ፤ እስኪረጋ ከጠበቀ በኋላም የዕቃውን ጫፍ ከፈተው። ይህ ቅጥራን በመዶሻ ሲመታ ስብርብሩ የሚወጣ ደረቅ ነገር ነው። ሆኖም ይፈሳል። እስከ 2014 ድረስ ዘጠኝ ጠብታዎች ወርደዋል። ዝልግልግነቱ፣ ማለትም ለመፍሰስ ያለው እንቢታ፣ ሲሰላ የውሃን 230 ቢሊዮን እጥፍ ያህል ሆኗል።

ማርከስ ራይነር የተባለው ሳይንቲስት ይህን ሐሳብ በ1964 በአንድ ቁጥር ጠቀለለው። ቁሱ ከጫና ለመላቀቅ የሚፈጅበት ጊዜ፣ እኛ ለምናይበት ጊዜ ይካፈላል። ውጤቱ ትልቅ ከሆነ የምናየው ጠጣር ነው፤ ትንሽ ከሆነ ፈሳሽ። ለቁጥሩ የዲቦራን ስም ሰጠው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ያለው የዲቦራ መዝሙር ስለ ተራሮች መፍሰስ ይናገራልና።

ነገሩ በትክክል ካልተያዘ ግን ሌላ ተረት ይወልዳል። የጥንት የአውሮፓ ካቴድራሎች የመስኮት መስታወት ከታች የሚወፍረው በዘመናት ብዛት ቀስ እያለ ስለፈሰሰ ነው ይባላል። ይህ ሐሰት ነው። በክፍል ሙቀት መስታወት በሚታይ መጠን እንዲፈስ ከአጽናፈ ዓለም ዕድሜ የበለጠ ጊዜ ያስፈልገዋል። ወፍራም ጫፍ የመጣው ከጥንቱ አሠራር ነው፤ ያኔ የሚሠራው መስታወት አንድ ወጥ ውፍረት አልነበረውም።

ተረት፦ እጥፍ የገፉት እጥፍ ይፈሳል

ይህ እምነት መሠረት አለው። ኒውተን በ1687 በታተመው ፕሪንኪፒያ የፈሳሽ ንብርብሮች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ የሚገጥማቸው እንቢታ ከፍጥነታቸው ልዩነት ጋር እኩል ያድጋል ብሎ አስቀመጠ። ውሃ፣ የምግብ ዘይት፣ ግሊሰሪንና ንጹሕ ማር በዚህ ይተዳደራሉ። ማር ወፍራም ስለሆነ የተለየ ይመስለናል፤ ጠባዩ ግን የውሃ ነው። ግፊቱን እጥፍ ቢያደርጉት ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል። ውፍረትና ውስብስብነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ይህን የቀላቀለ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ ይስታል።

የተልባ ውሃ ከማር እጅግ የቀጠነ ነው፤ ደንቡን ግን አያከብርም። ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ሲገለበጥ ክር ይስባል፤ ሲቆርጡትም ክሩ ወደ መጣበት ሽቅብ ይሰበሰባል። ውሃ ይህን አያደርግም። ምክንያቱ ከፍሬው ሽፋን ወጥተው በውሃው የተበተኑት ረጃጅም የፖሊሳካራይድ ሰንሰለቶች ናቸው። ሲማስሉት የተወሳሰቡት ሰንሰለቶች በፍሰቱ አቅጣጫ ይዘረጋሉ፤ ፈሳሹም ይቀጥናል። የግድግዳ ቀለምም እንዲሁ ብሩሹ ሲገፋው ይቀጥናል፤ ብሩሹ ሲነሣ መልሶ ይጠናል፤ ስለዚህም ሳይንጠባጠብ ግድግዳው ላይ ይቀራል። በውሃ የተበጠበጠ የበቆሎ ስታርች የተቃራኒው ነው፤ በዝግታ ጣት ቢሰዱበት ያስገባል፤ በቡጢ ቢመቱት ይደርቃል። የዚህን መነሻ ለረጅም ጊዜ በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ውሃ ላይ ያደረጉ ብዙ ነበሩ። ከ2013 ወዲህ የበረታው ማብራሪያ ግን ሌላ ነው፦ ጫናው ሲያይል ቅንጣቶቹን የሚለያያቸው ስስ የፈሳሽ ሽፋን ይበጠሳል፤ ቅንጣት ከቅንጣት በቀጥታ ይፋተጋል።

የሂሳብ ሰዎች ይህን ሁሉ ቀጥተኛ ያልሆነ ግንኙነት ይሉታል። ግፊትና ምላሽ በአንድ ልክ ሲያድጉ አስገራሚ ነገር አይፈጠርም። ልኩ ሲፈርስ ግን አንድ ግፊት ሁለት የተለያየ ፍሰት ሊሰጥ ይችላል፤ ትንሽ ጭማሪ ትልቅ ለውጥ ታመጣለች፤ ትርምስም የሚገባው በዚህ በር ነው።

ተረት፦ ነውጥ ያለ ፍጥነት አይመጣም

የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ነው፤ ትንሽ እንቆይበት።

ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1883 ማንቸስተር ውስጥ በመስታወት ቱቦ በሚያልፍ ውሃ መሐል ቀጭን የቀለም መስመር ለቀቀ። ውሃው ዝግ ሲል መስመሩ ሳይናጋ እስከ ጫፍ ይደርሳል። ሲፈጥን መስመሩ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ይፈርስና ቱቦውን ሁሉ ያቀልመዋል። ይህን የሚወስነውን ቁጥር ዛሬ በስሙ እንጠራዋለን። ፈሳሹ በጀመረው መንገድ ለመቀጠል ያለው ግፊት፣ ማለትም ኢነርሺያው፣ ከዝልግልግነቱ ጋር ሲነጻጸር የሚገኝ ቁጥር ነው። በቱቦ ውስጥ 2000 አካባቢ ሲደርስ ነውጥ ሊጀምር ይችላል። መሐንዲሶች ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ ሠርተዋል፤ ለውሃ፣ ለአየርና ለነዳጅ ዛሬም ትክክል ነው።

ስሕተቱ የመጣው ከዚህ ቁጥር ሌላ የነውጥ ምንጭ የለም ከማለት ነው።

ፖሊመር፣ ማለትም ሰንሰለት መሰል ረጅም ሞለኪል፣ የተበተነበትን ፈሳሽ እናስብ። እያንዳንዱ ሞለኪል ሲያርፍ እንደ ተድበለበለ ክር ይጠቀለላል። ፈሳሹ ሲንሸራተት ክሩ ይፈታል፣ ይለጠጣል፣ ወደ ድቡልቡሉ ለመመለስም ይታገላል። ፍሰቱ ቀጥ ባለ መንገድ ሲሄድ ይህ ብዙ አያናጋም። ፍሰቱ ክብ ሲሠራ ግን የተለጠጡት ሰንሰለቶች በክቡ ዙሪያ ይወጠራሉ፤ ውጥረቱም ፈሳሹን ወደ መሐል ይስባል። አንዲት ትንሽ መናጋት ስትፈጠር ሰንሰለቶቹን ይበልጥ ትለጥጣለች፤ የበለጠ የተለጠጡት ፈሳሹን ይበልጥ ይስባሉ፤ ይህም መናጋቱን ያሳድገዋል። በዚህ ዙር ውስጥ ኢነርሺያ የሚያስፈልገው አንድም እርምጃ የለም። የሚቆጥረው ፈሳሹ የሚሸረተትበት ፍጥነት ሰንሰለቱ ከሚያርፍበት ጊዜ ጋር ያለው ንጽጽር ነው፤ እርሱም የቫይሰንበርግ ቁጥር ይባላል። ሮናልድ ላርሰን፣ ኤሪክ ሻቅፈህና ሱዛን ሙለር በ1990 በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ላለ ፖሊመር ፈሳሽ ይህንን በሂሳብና በሙከራ አሳዩ።

የነሱ ግኝት ፍሰቱ መናጋት እንደሚጀምር ነበር። ሙሉ ነውጥ ድረስ ይሄዳል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም። በ2000 አሌክሳንደር ግሮይስማንና ቪክቶር ስታይንበርግ ይህን አሳዩ። ሥራው የተሠራው በእስራኤል ረሆቮት፣ በዋይዝማን ተቋም ነው። ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ወሰዱና ፖሊአክሪላማይድ የሚባለውን ፖሊመር ጨመሩበት። መጠኑ ከሚሊዮን ክፍል 80 ክፍል ብቻ ነበር። ይህን በትንሽ ዕቃ ውስጥ አድርገው በላዩ በሚሽከረከር ዲስክ አዞሩት። የሬይኖልድስ ቁጥሩ ከ1 በታች ነበር፤ በድሮው እምነት ነውጥ ሊታሰብ የማይችልበት ቦታ ነው። ፈሳሹ ግን በብዙ መጠንና በብዙ የጊዜ ልክ ተናወጠ፤ ዲስኩን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይልም ሃያ እጥፍ ያህል ጨመረ። ፖሊመር የሌለው ያው ሽሮፕ በተመሳሳይ ሁኔታ ጸጥ ብሎ ይዞራል። ክስተቱን የላስቲክ ነውጥ ብለው ጠሩት።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በቀጣዩ ዓመት ይህ ነውጥ በጠባብ ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ ሁለት ፈሳሾችን በደንብ እንደሚያዋሕድ አሳዩ። ይህ ለሕክምና መመርመሪያ ቺፖች ትልቅ ነገር ነው፤ በፀጉር ውፍረት ቦይ ውስጥ ፈሳሽ ዝግተኛ ስለሆነ ሁለት ፈሳሾች ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይቀላቀሉም። በ2021 ደግሞ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ብራውንና ሱጂት ዳታ ጥቃቅን ክፍተቶች ባሉት እንደ ዓለት ያለ ቁስ ውስጥ የሚያልፍ ፖሊመር ፈሳሽ በአንዳንድ ክፍተቶች ተናውጦ በሌሎቹ ጸጥ ሲል በዓይን ተከታተሉ፤ በነዳጅ ማውጫ ጉድጓድና በተበከለ የከርሰ ምድር ውሃ ጽዳት ለብዙ ጊዜ ግራ ያጋባውን ከመጠን ያለፈ የፍሰት እንቢታም ከዚህ ነውጥ ጋር አያያዙት።

አሁን ደግሞ የሚቃረን የሚመስል ነገር ልጨምር። በ1948 ብሪታንያዊው ቢ. ኤ. ቶምስ በጣም ትንሽ ፖሊመር በፈጣን ፍሰት ላይ ሲጨመር የቱቦውን እንቢታ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በአላስካ አቋርጦ የሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ ከ1979 ጀምሮ ይህን ተጠቅሟል። ፖሊመር ፈሳሽን ያወፍራል፣ ስለዚህ ፍሰቱን ያከብዳል የሚለው የተለመደ ግምት በዚህ ይወድቃል። ፈጣን ፍሰት ላይ ሰንሰለቶቹ በግድግዳው አጠገብ ካሉት ትናንሽ ሽክርክሪቶች ጉልበት ይወስዳሉ፤ ነውጡን ያቀዘቅዛሉ። ዝግተኛና ጠመዝማዛ ፍሰት ላይ ያው የመለጠጥ ኃይል ነውጥ ይፈጥራል። ፖሊመር ፍሰትን ያረጋጋል ወይስ ያናውጣል ለሚል ሰው፣ በየትኛው ፍሰት ተብሎ ሳይጠየቅ፣ መልስ የለም። በዚህ ዘርፍ ከሚገኙት እውነቶች ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚመስጠኝ ይህ ነው።

ይህ ነውጥ ከረሆቮት ቤተ ሙከራ በፊት በፋብሪካ ውስጥ ነበር። ፌስታል፣ የውሃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ የሚሠሩት ፕላስቲክን አቅልጦ በጠባብ መውጫ በመግፋት ነው። የቀለጠ ፖሊኢትሊን ዝልግልግነቱ በጣም ከፍተኛ ስለሆነ የሬይኖልድስ ቁጥሩ ከ1 እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ማሽኑ ከተወሰነ የሥራ ፍጥነት ሲያልፍ የሚወጣው ነገር ፊቱ ይሻክራል፤ የሙያው ሰዎች የሻርክ ቆዳ ይሉታል። የበለጠ ሲገፋ ፕላስቲኩ በግድግዳው ላይ እየያዘና እየለቀቀ ይወጣል፤ በመጨረሻም የተጠማዘዘና የተጎሳቆለ ሆኖ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ጥሬ ዕቃው ነው፤ እርጥበት አለው፣ ቆሻሻ ገብቶበታል ይባላል። እርጥበት ራሱን የቻለ ጉድለት ያመጣል፤ የሻርክ ቆዳ ግን ንጹሕና ደረቅ ጥሬ ዕቃም ላይ ይመጣል። ፕላስቲኩ መውጫው ውስጥ በግድግዳ ተይዞ ቆይቶ በድንገት ነፃ ሲሆን ላይኛው ገጹ ከሚችለው በላይ ይለጠጣል። መድኃኒቱም ከዚሁ ይነሣል፦ የመውጫውን ሙቀት ከፍ ማድረግ፣ ግፊቱን መቀነስ፣ ወይም ግድግዳውን እየቀባ ፕላስቲኩ እንዲያንሸራትት የሚያደርግ ፍሎሮፖሊመር በጥቂቱ መጨመር።

ተረት፦ ትርምስ ማለት ሕግ የሌለው፣ የዕድል ነገር ነው

በዕለት ንግግራችን ትርምስ ሥርዓት አልባነት ነው። በሳይንስ ኬኦስ የሚባለው ግን ጥብቅ ሕግ ያለው ነገር ነው። ነገ ከዛሬ በማያወላዳ ደንብ ይወጣል፤ ሆኖም የዛሬው መነሻ በትንሹ ቢለይ ነገ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። የአየር ሁኔታ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1963 ባሳተመው ጽሑፍ በሦስት አጫጭር ቀመሮች ይህን አሳየ። ዕጣ ሲወጣ ያለፈው ስለሚመጣው አይናገርም። ኬኦስ ውስጥ ያለፈው ሁሉን ይናገራል፤ የእኛ ልኬት ብቻ ያንሳል።

የለስላሳ ቁስ ትርምስ በግልጽ ከተለካባቸው ቦታዎች አንዱ በህንድ ባንጋሎር የሚገኘው የህንድ የሳይንስ ተቋም ነው። አጃይ ሱድ፣ ራንጂኒ ባንዲዮፓድያይና ጊታ ባሳፓ በ2000 ያሳተሙት ሥራ የተሠራው በውሃ ውስጥ ባለ ጥቂት ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር ላይ ነው። የእነዚህ ንጥረ ነገሮች ሞለኪሎች በውሃ ውስጥ ተሰብስበው ረጅም፣ ትል መሰል ቅርጽ ይሠራሉ። ትሎቹ እንደ ፖሊመር ይወሳሰባሉ፤ ከፖሊመር የሚለዩት ግን ሁልጊዜ የሚበጠሱና መልሰው የሚገጥሙ በመሆናቸው ነው።

እነዚህ ትሎች በየቤታችን አሉ። በአገራችን ፈሳሽ ሳሙና፣ ብዙዎች ላርጎ የሚሉትን፣ በትንሽ ደረጃ የሚያመርቱ ሰዎች ቀጥኖባቸው ሲያገኙት ጨው ይጨምሩበታል፤ ይጠናል። ጨው ሲበዛ ግን መልሶ ይቀጥናል። አንዳንድ ሰው ጨው ራሱ ወፍራም ስለሆነ ይመስለዋል። ጨው የሚሠራው ሞለኪሎቹ እርስ በርስ የሚገፋፉበትን የኤሌክትሪክ ኃይል ማድከም ነው፤ ያኔ ትሎቹ ይረዝማሉ፣ ይወሳሰባሉ። ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ቅርንጫፍ ያወጡና መወሳሰባቸው ይላላል።

የባንጋሎሩ ቡድን ይህን የመሰለ ፈሳሽ በመለኪያ መሣሪያ ውስጥ አድርጎ በአንድ በማይለወጥ ፍጥነት አሸረተተው፤ ፈሳሹ የሚመልሰውንም ጫና መዘገበ። ፍጥነቱ አንድ ስለሆነ ጫናውም ጥቂት ቆይቶ አንድ ቁጥር ላይ ይረጋል ተብሎ ይጠበቃል። በዝቅተኛ ፍጥነት ረጋ። ከፍ ሲያደርጉት ግን ጫናው ሳያቋርጥ ሲወጣና ሲወርድ ቆየ፤ የሚደጋገም ዑደትም አልነበረውም። የመሣሪያ ጉድለት ወይም የዘፈቀደ መንቀጥቀጥ ቢሆን ምልክቱ በሂሳብ ሲፈተሽ ይታወቃል። ሲፈተሽ የተገኘው ሌላ ነው፦ በጣም ተቀራርበው የጀመሩ ሁለት ሁኔታዎች በጊዜ ውስጥ በፍጥነት ይራራቃሉ፤ የሊያፑኖቭ መለኪያ የሚባለውም ከዜሮ በላይ ሆነ። ይህ የኬኦስ ፊርማ ነው። እዚህም የሬይኖልድስ ቁጥሩ ዝቅተኛ ነበር።

ምክንያቱን በሚመለከት ሁለት ነገር ይታወቃል። አንዱ፣ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ሲሸረተት ለሁለት ይከፈላል፤ ትሎቹ በሰልፍ የተዘረጉበት ቀጭን ፈጣን ንብርብርና የተወሳሰቡበት ወፍራም ዝግተኛ ንብርብር ይፈጠራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ድንበርም አይረጋም። ሌላው፣ የውስጥ ቅርጹ ለጫናው የሚመልሰው ዘግይቶ ነው። ማይክል ኬትስ፣ ዴቪድ ሄድና አርማንድ አጅዳሪ በ2002 ባቀረቡት ሞዴል ይህ መዘግየት ብቻውን፣ ያለ አንዳች ኢነርሺያ፣ ትርምስ ለመፍጠር በቂ እንደሆነ አሳዩ። ፈሳሹ አሁን የሚመልሰው ጥቂት ቀደም ብሎ ለደረሰበት ነው፤ ሲመልስ ደግሞ ሁኔታው ተለውጦ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ የአንድን ፈሳሽ ሳሙና ወይም ቀለም ዝልግልግነት በአንድ ቁጥር ጽፎ መለጠፍ ብዙ አይነግርም። ቁጥሩ በየትኛው ፍጥነት እንደተለካና መሣሪያው ላይ ከመግባቱ በፊት ፈሳሹ ምን እንደደረሰበት ካልተገለጸ፣ ሁለት ቤተ ሙከራዎች ከአንድ በርሜል ቀድተው ሁለት የተለያየ ነገር ቢለኩ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ተረት፦ በዝግታ የሆነ ነገር ሁሉ በዝግታ ይመለሳል

እንግሊዛዊው ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር በ1960ዎቹ ባሠራው የማስተማሪያ ፊልም አንድ ደስ የሚል ነገር ያሳያል። በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ባለ ግሊሰሪን ውስጥ ቀለም ያስገባል። ውስጠኛውን ሲሊንደር ጥቂት ጊዜ ሲያዞረው ቀለሙ ተቀላቅሎ የጠፋ ይመስላል። ወደ ኋላ በዚያው ልክ ሲያዞረው ቀለሙ ተሰብስቦ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ዝግተኛ ፍሰት ሁሉ ተመላሽ ነው ይላል።

ግሊሰሪኑ ብቻውን ሲሆን እውነት ነው። ቅንጣቶች ሲገቡበት ግን ደንብ ይለወጣል። ዴቪድ ፓይን፣ ጄሪ ጎለብና ባልደረቦቻቸው በ2005 በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ጥቃቅን የፕላስቲክ ድቡልቡሎች በትነው ወደፊትና ወደኋላ አሸራተቱ። ስፋቱ ትንሽ ሲሆን እያንዳንዱ ቅንጣት ወደ ቦታው ተመለሰ። ስፋቱ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ አልተመለሱም። ቅንጣቶቹ በበዙ ቁጥር ወሰኑ ይቀንሳል። የፈሳሹ ቀመር ተመላሽ ቢሆንም ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ሲተላለፉ ኢምንት ልዩነት በኬኦስ ይባዛል፤ የመጡበትንም መንገድ ያጠፋል። ሲሚንቶ የሚያቦካ፣ ሴራሚክ የሚሠራ ወይም መድኃኒት የሚበጠብጥ ሰው ይህ ወሰን የት እንዳለ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ተረት፦ ትናንት ያልተንቀሳቀሰ መሬት ዛሬም አይንቀሳቀስም

በፊልም ላይ ሰው ረግረግ አሸዋ ውስጥ ገብቶ እስከ ራሱ ሲዋጥ እናያለን። ይህ አይሆንም። የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ቦንና ባልደረቦቹ በ2005 እንዳሳዩት፣ ሲረገጥ መጀመሪያ ይቀልጥና ከዚያ ውሃውና አሸዋው ይለያያሉ፤ ከታች የሚቀመጠው የታጨቀ አሸዋ እፍጋቱ የሰው አካልን እጥፍ ያህል ስለሆነ ሰው ከወገቡ አካባቢ አያልፍም። አስቸጋሪው መውጣቱ ነው። እግርን በሰከንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ስቦ ለማውጣት መካከለኛ መኪና የሚያነሣ ያህል ኃይል ያስፈልጋል። መፍትሔው እግርን በቀስታ እያወዛወዙ ውሃ እንዲገባ ማድረግ ነው እንጂ መጎተት አይደለም።

ከዚህ እጅግ የሚከብደው የተዳፋት መሬት ጉዳይ ነው። እርጥብ ሸክላ፣ ጭቃና መሰሎቻቸው ለመንቀሳቀስ የመነሻ ጫና ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በታች እንደ ጠጣር ይቆማሉ። የሚያሳስተን፣ መነሻው ሲታለፍ በዝግታ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ጊዜ አለን ብለን ማሰባችን ነው። ፊሊፕ ኩሶና ባልደረቦቹ በ2002 ያሳዩት ሌላ ነው። ሸክላ ሲፈስ ውስጣዊ ትስስሩ ይፈርሳል፤ ሲፈርስ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ይበልጥ ይፈርሳል። ስለዚህ ከመነሻው ጥቂት በታች የሆነ ጫና ቁሱን ያቆመዋል፤ ጥቂት በላይ የሆነው ደግሞ እያፋጠነው ይሄዳል። በመካከል ረጋ ያለ ዝግተኛ ፍሰት የሚባል ነገር የለም።

በኖርዌይ፣ ሪሳ በሚባል ቦታ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1978 አንድ ገበሬ ለጎተራው ማስፋፊያ የቆፈረውን 700 ሜትር ኩብ ያህል አፈር በሐይቁ ዳር አፈሰሰ። ዳርቻው ተደረመሰ። ከዚያ ጀርባ ያለው መሬት ተራ በተራ ቀልጦ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ከ5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አፈር፣ ከነቤቱና ከነእርሻው። የአንድ ሰው ሕይወት ጠፋ። በቦታው የነበሩ ሰዎች በካሜራ ስለቀረጹት ቤቶች በፈሳሽ ላይ ተንሳፍፈው ሲሄዱ ይታያል። የዚህ ሸክላ ልዩ ጠባይ ከታሪኩ ይመጣል። የበረዶ ዘመን ሲያበቃ ጨዋማ ባሕር ሥር ተከማቸ፤ መሬቱ ከባሕር ሲወጣ ዝናብና የከርሰ ምድር ውሃ በሺህ ዓመታት ጨውን አጥቦ ወሰደው። ቅንጣቶቹን አያይዞ የነበረው ኃይል ደከመ፤ ቅርጹ ግን አንድ ነገር እስኪነካው እንደቆመ ቀረ። በዲሴምበር መጨረሻ 2020 ያርድሩም በተባለው የኖርዌይ ወረዳ ተመሳሳይ መደርመስ አሥር ሰዎችን ገድሏል።

በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የደረሰውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ መሬት ተንሸራቶ ሰዎችን ቀበረ፤ ለማዳን የተሰበሰቡትን ደግሞ ሁለተኛው መንሸራተት ደረሰባቸው፤ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። የጎፋው አፈር የኖርዌይ ዓይነት ሸክላ ነው ማለቴ አይደለም፤ አፈጣጠሩም የአየር ንብረቱም ሌላ ነው። የሚያገናኛቸው በውሃ የተሞላ አፈር አንዴ ሲንቀሳቀስ በቀጣዩ ሰዓት የሚሆነውን ባለፈው ሰዓት ጸጥታ መገመት አለመቻሉ ነው። የመጀመሪያው መንሸራተት ከላይ ያለውን አፈር ድጋፍ ያሳጣዋል፤ ስለዚህ ከተንሸራተተ በኋላ ያለው ጸጥታ ደኅንነት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ለነፍስ አድን ሥራ የሚሄድ ሰው ከታች ሳይሰበሰብ ከላይ የሚያይ ጠባቂ ማቆም፣ አዲስ ስንጥቅና ከአፈር የሚፈልቅ ጭቃማ ውሃ መከታተል ሕይወት የሚያተርፍ ነገር ነው።

ኖርዌይ ውስጥ ዛሬ አደገኛ ሸክላ ያለባቸው አካባቢዎች በካርታ ተለይተዋል፤ ከመገንባት በፊት መሬቱ ይቆፈርና ናሙና ይወሰዳል። ፍተሻው ቀላል መሣሪያ ነው የሚጠይቀው። ክብደቱ የታወቀ ሾጣጣ ብረት በሸክላው ላይ ይለቀቃል፤ ምን ያህል እንደገባ ተለክቶ ጥንካሬው ይሰላል። ከዚያ ያው ሸክላ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይጨመርበት፣ በደንብ ታሽቶ ሾጣጣው በድጋሚ ይለቀቃል። ተራ ሸክላ በሁለቱ መካከል ጥቂት እጥፍ ልዩነት ያሳያል። አደገኛው ግን ከታሸ በኋላ ከዕቃው ይፈሳል፤ እንዲህ ዓይነት መሬት ላይ ሥራ የሚፈቀደው ኖራና ሲሚንቶ በምሰሶ መልክ ወደ ጥልቁ ተሰዶ ሸክላው ከተያዘ ወይም በሌላ መንገድ ተዳፋቱ እንደማይናጋ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።